ሸርጣኖቹ ያወጡት ምንጭ

ከብልባላ ገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ሰፊውን መንገድ ይይዛል፤ እኔ ግን በመስኖው ቦይ ዳር የምታልፈውን ቀጭን መንገድ እመርጣለሁ። ትረዝማለች፤ ቢሆንም ውሃው ከጎኔ ሲንሿሿ ርቀቱ አይታወቀኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከዚህ ውሃ ጋር ብዙ ሳላወራ አልቀረሁም።

በመጋቢት አጋማሽ ነው። ለእናቴ የገዛሁትን ጨውና እርድ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ በሐሳብ ሌላ አገር ሄጄ ስመጣ፣ አያ አዝመራው በቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። አያ አዝመራው የመንደራችን የውሃ አባት ናቸው። ውሃው ዛሬ ለማን፣ ነገ ለማን እንደሚለቀቅ የሚወስኑት፣ በውሃ የተጣላውን የሚያስታርቁት፣ ቦዩ ሲደፈን ሰው ጠርተው የሚያስጠርጉት እሳቸው ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም በዚሁ ሹመት ኖረው አልፈዋል። አሁን በጋቢያቸው ጫፍ አንድ የሚንፈራገጥ ነገር ጨምድደው ይዘዋል።

«ምስክር! ና እስቲ ወዲህ!» አሉኝ። «ያንተ ዓይን ገና ልጅ ነው። ይኼን እይልኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መዳፍ የሚያህል ሸርጣን ነው፤ መቆንጠጫው ሰማያዊና ጥቁር የተቀላቀለበት።

«ሸርጣን ነው፣ አያ።»

«ሸርጣንነቱንስ እኔም አላጣሁትም! ጀርባውን ነው የምልህ።»

እውነትም ከጀርባው መሐል ላይ የምታብረቀርቅ ቀይ ነጥብ አለች። አያ አዝመራው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማኅተም ነው» አሉኝ። «ማን ያተመው ይመስልሃል?» ብለው በዓይናቸው ወደ ሰማይ ጠቀሱ።

መልስ ሳልሰጥ ከወንዙ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። «አያ! በእግዜር ይሁንብዎ እንዳይለቁት! የኔ ነው!»

ቁጥቋጦውን እየገለጠች የወጣችው እየሩስ ናት። አባቷ ላሊበላ ከተማ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ ፍጥረታት ትማራለች። ለመመረቂያ ጥናቷ መንደራችን ከመጣች ሰንብታለች፤ ቀኑን ሙሉ እስከ ጉልበት በሚደርስ የላስቲክ ቦቲ ወንዝ ውስጥ ስትርመጠመጥ ስለምትውል ሴቶቹ «የወንዝ ሙሽራ» ይሏታል። በእጇ ያለው ባልዲ ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳል።

«ያንች?» አሉ አያ አዝመራው። «ሸርጣንም እንደ በሬ ባለቤት አበጀ?»

«ምልክቱን ማለቴ ነው፣ አያ። የጥፍር ቀለም ነው። የቀባሁት እኔ ነኝ።»

አያ አዝመራው ጭቃ የሞላውን ጥፍሯን አዩ፤ ሸርጣኑን አዩ። «የራስሽን ጥፍር ትተሽ የሸርጣን ጀርባ ታስጌጫለሽ?»

«የኔን ጥፍር ወንዝ ውስጥ ማን ያይልኛል?»

ሳቄ አመለጠኝ። አያ አዝመራው ገልመጥ ሲያደርጉኝ ዋጥኩት።

«እያዝኩ እቀባለሁ፤ ቀብቼ እለቃለሁ» አለች እየሩስ፤ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። «በኋላ ስይዝ ስንቱ ቀለም ያለው፣ ስንቱ የሌለው እንደሆነ አያለሁ። ብዛታቸውም፣ እስከ የት እንደሚሄዱም በዚያ ይታወቃል። በቀይ የቀባኋቸው ደግሞ ከወንዙ ፏፏቴ በታች ያሉትን ብቻ ነው። ይኼን የት አገኙት?»

«እዚሁ። ቦዩ ውስጥ።»

«ከፏፏቴው በላይ?» ባልዲዋን አስቀመጠች። «እኮ እንቅልፍ ያሳጣኝ ይኼ ነው! ሰሞኑን ቦዩ ውስጥ ቀይ ያለባቸውን እያገኘሁ ነው። ያን ገደል እንኳን ሸርጣን ዝንጀሮም ያስብበታል። ክንፍ የላቸው፤ ማን አመጣቸው?»

አያ አዝመራው ሸርጣኑን ባልዲዋ ውስጥ ከተው ቀስ ብለው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ማን ያመጣቸዋል? እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። በቅል።»

እየሩስ አፏን በእጇ ያዘች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ በደስታ ዘለለች! «አያ፣ አገኘሁ! አገኘሁ!» አለች። ሽማግሌው ግን ምን እንደተገኘ አልገባቸውም፤ ምስጋና መስሏቸው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ።

እዚህ ላይ አንባቢ በአያ አዝመራው እንዳይስቅ እለምናለሁ። ውሃ ሲያንስ ሸርጣን ከወንዝ ቀድቶ ወደ ቦዩ ማስገባት በኛ አገር ከጥንት የኖረ ነው። ሸርጣን ያለበት ቦታ እርጥበት እንደማይለየው አባቶች አይተዋል፤ አይተውም ሸርጣን የውሃን መንገድ ያውቃል፣ ውሃም ይከተለዋል ብለው ደምድመዋል። ያዩት ትክክል ነው። የተሳሳተው መደምደሚያው ነው። ዓይኑ ደህና ሆኖ ፍርዱ የተጣመመ ሰው ደግሞ በየትም አገር አለ፤ ከተማርነውም መካከል አይታጣም።

«አንች ሸርጣን ትቀቢያለሽ፤ እኔ ግን በሸርጣን ምንጭ አወጣሁ!» አሉ አያ አዝመራው። «ኑ ተከተሉኝ። ትምህርት ቤት ያላሳዩዋችሁን ላሳያችሁ።»

ከቦዩ ጠርዝ ወደ ታች ወረድን። ቦዩ እዚያ ቦታ ላይ በተዳፋቱ ወገብ ስለሚያልፍ፣ ከታች በኩል የሚይዘው ቁመተ ረጅም ሰው የሚያህል የአፈር ግድግዳ ነው። ከግድግዳው እግር፣ አምና ደረቅ ከነበረው ቦታ፣ ጥርት ያለ ውሃ ይፈልቃል። ዙሪያው ለምልሟል። አንድ ሰው እንደውም ጸበል ነው ብሎ ነጭ ጨርቅ ቁጥቋጦው ላይ አስሯል።

«ይኸውላችሁ» አሉ። «ነገ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ይመጣል። አፉን እናሰፋዋለን፤ ገንዳ እንሠራለታለን። ቄስ ገብረ ሊባኖስም መጥተው ይባርኩታል። አዝመራው አርጅቷል፣ እጁ ላይ ውሃ አነሰ፣ ሌላ የውሃ አባት ይሾም ሲሉኝ ለከረሙት መልሴ ይኼ ነው!»

የእየሩስ ደስታ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ግድግዳውን አየች፣ ምንጩን አየች፣ ከላይ ያለውን ቦይ አየች።

«አያ፣ ነገ የሚቆፈረው እዚህ ነው? ከግድግዳው እግር?»

«ታዲያ ምንጩን ትቼ ቤቴን ላስቆፍር?»

«አንድ ነገር ልናገርና፣ ካጠፋሁ ይቆጡኝ» አለች። «ይኼ ምንጭ ሳይሆን የቦዩ ውሃ ሳይሆን አይቀርም። ሸርጣኖቹ ግድግዳውን በስተውታል። ይኼን እግሩን ነገ ከቆፈራችሁት ግድግዳው ይናዳል። ግድግዳው ከተናደ ሽንኩርቱም የበጋ ስንዴውም ገና ፍሬ ሳይዝ ውሃ ያጣል።»

አያ አዝመራው ቁጥቋጦው ላይ የታሰረውን ነጭ ጨርቅ አዩ። ከዚያ፣ «ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሄደሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አውቃለሁ፣ አያ። ከአባቴ ጋር ስንት ጊዜ ሄጃለሁ።»

«ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ከላይ በቦይ የሚለቅለት ማነው? በይ ንገሪኛ!»

«የሚለቅለት ሰው የለም።»

«እህ! እግዜር ሲሰጥ ከድንጋይ ይሰጣል። አንች ግን ከመምህር ልጅነትሽ ይልቅ ባልዲሽ በለጠብሽ።»

እየሩስ አንገቷን ደፋች፤ ግን አልተሸነፈችም። «እዚያ ያለው ውሃ ከስንት ዘመን ጀምሮ በበጋም በክረምትም አለ፣ አያ። ይኼ ግን አንቱ ሸርጣኖቹን ካመጡ በኋላ የመጣ ነው። የእግዜርን ሥራ መካዴ አይደለም። የሸርጣንን ሥራ ለእግዜር እንዳንሰጥበት ብዬ ነው።»

«አባቴም አያቴም ሸርጣን አምጥተዋል። ምን ተናደባቸው?»

«እነሱ ያመጡት የትኛውን ነበር?»

«የትኛውን ማለት ምንድነው? ሸርጣን ሸርጣን ነው!»

እየሩስ ባልዲዋን አቀረበች። በግራ እጇ አንድ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ድንጋይ የሚመስል ሸርጣን አወጣች። «የአባቶቻችን ይኼ ነው። ከድንጋይ ሥር ይኖራል፤ የወደቀ ቅጠል ይበላል፤ ወንዙን ያጸዳል። ጉድጓዱም እንዲህ የጣት ያህል ናት።» በቀኟ ሰማያዊ መቆንጠጫ ያለውን ያዘች። «ይኼኛው ግን ያገራችን አይደለም። ከታች ቆላው ድረስ ሄጄ ጠይቄአለሁ። አንድ ባለሀብት የዓሣ ኩሬ ቆፍሮ ከሩቅ አስመጥቶት ነበር አሉኝ። ሥራው ሳይቃና ትቶት ሄደ፤ በክረምት ኩሬውን ጎርፍ ሲያፈርሰው ሸርጣኑ ወንዝ ገባ። ይኼ ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ ይምሳል። የኛን ትንሹንም ይበላዋል።»

አያ አዝመራው ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። «እኔ ደግሞ…» አሉና አቆሙ።

«አንቱ ደግሞ ምን፣ አያ?»

«ትልልቆቹን ነበር መርጬ ያመጣሁት። ትልቅ ሸርጣን ትልቅ ውሃ ይስባል ብዬ።» ወዲያው ግን ቀና አሉ። «ቢሆንም! ጠላት ነው ካልሽ፣ ይዘሽ ደግሞ ለምን ትለቂዋለሽ? ሌባ ይዞ፣ ቀለም ቀብቶ የሚለቅ ዳኛ አይቼ አላውቅም!»

ይኼ ጥያቄ ልክ ነበረ፤ እኔም በልቤ ጠይቄው ነበር። እየሩስ ቀላች። «ሳላውቀው እንዳልፈርድበት ብዬ ነው» አለች። «ብዛቱንና መንገዱን ሳላውቅ ብነግራችሁ፣ አንዲት ልጅ ከከተማ መጥታ ቀባጠረች ትሉኝ ነበር። አሁን ግን አወቅሁ፤ ከእንግዲህ አልለቅም። ይኼን ይዩ።» ሸርጣኑን ገልብጣ የሆዱን ክዳን ገለጥ አደረገች። ከሥሩ የኑግ ፍሬ የሚያህሉ፣ እግር ያላቸው፣ የሚርመሰመሱ ልጆች ሞልተዋል። «ሴት ናት። ከአንድ ቅል እነዚህ ሁሉ ይወጣሉ።»

አያ አዝመራው አማተቡ።

በዚህ መሐል ከታች እትዬ ስሜነሽ አካፋ ተሸክመው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ። እትዬ ስሜነሽ ባላቸው ከሞተ ወዲህ በቦዩ ግርጌ ያለችውን መሬታቸውን ራሳቸው የሚያለሙ፣ ጠላ የሚሸጡ፣ ምላሳቸውም የማይዘገይ ሴት ናቸው።

«አያ አዝመራው! ዛሬ የማን ተራ ነው?» አሉ ገና ሳይደርሱ።

«ያንች ነው፣ ስሜነሽ።»

«እንዲያ ከሆነ ውሃዬን ማን ጠጣው? ወደ እኔ የሚመጣው እንደ ክር ቀጥኗል። የሽንኩርቴ ቅጠል አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስላል።»

«ታገሺ። ነገ ምንጩ ሲሰፋ ላንችም ይተርፋል።»

«ይኼ ምንጭ ከወጣ ጀምሮ አይደል ወይ የኔ ውሃ የጠፋው?» አሉ እትዬ ስሜነሽ። ይህንን ያሉት ለንዴታቸው እንጂ ምስክርነት ለመስጠት አልነበረም። እየሩስ ግን ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ እንደገና በራ።

«ምስክር፣ ፌስታልህ ውስጥ ምን አለ?»

«ጨውና እርድ። የእናቴ ነው።»

«እርዱን አምጣ!»

«እናቴ ምን ትለኛለች?»

«አገር አዳንኩበት በላት!»

ወደ ቦዩ ተመልሰን ወጣን። እየሩስ እጇን ውሃ ውስጥ ነክራ የግድግዳውን ውስጠኛ ገጽ ዳሰሰች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ገባ። አንድ ጉድጓድ፤ አጠገቡ ሌላ፤ አሁንም ሌላ። እርዱን በጣሳ በውሃ በጠበጥነው፤ እንደ ሽሮ ወፈረ። አያ አዝመራው ከታች ምንጩ ዘንድ ተቀመጡ። «እዚሁ ነኝ!» ብለው ጮኹ። «ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ታያላችሁ!»

እየሩስ ጣሳውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ዘቀዘቀች። ቢጫው ውሃ ወደ ግድግዳው ውስጥ ተጠባ፤ እንደ ጥማተኛ ነበር የዋጠው። ልቤ ይመታ ጀመር። ልቤ ለእርድ ይመታል ብዬ አስቤ አላውቅም። እትዬ ስሜነሽ በዝግታ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ያዙ፤ አንዱን ጨርሰው ሌላ ጀመሩ፤ ሁለተኛውን ሳያጋምሱ ከታች የአያ አዝመራው ድምፅ ተቋረጠ። እስከዚያ እያጉረመረሙ ነበር።

ተንደርድረን ወረድን። አያ አዝመራው ሁለት እጃቸውን አጣምረው ከምንጩ ውሃ ጨልፈዋል። ውሃው ቢጫ ነው። ጣቶቻቸውም ቢጫ ሆነዋል። ነጩ ጨርቅ ከታሰረበት ቁጥቋጦ ሥር ቢጫ ጅረት ይወርዳል።

«ወጥ ሊሆን ምንም አልቀረው» አሉ እትዬ ስሜነሽ።

ማንም አልሳቀም። አያ አዝመራው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «መሬት ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ከእውነተኛው ምንጭ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ይሆናል» አለች እየሩስ፤ እና ይህች ልጅ በዚህ ደስ አለችኝ፤ ያሸነፈች ስትመስል እንኳ የሽማግሌውን ክርክር እንደ ክርክር ቆጥራ ተቀበለች። «ይሆናል፣ አያ። እንዲህ ከሆነ ግን ቦዩ ቢዘጋም ምንጩ መፍሰሱን አይተውም። ቦዩን መዝጋት ደግሞ የሚችሉት አንቱ ብቻ ነዎት።»

«ዛሬ የስሜነሽ ተራ ነው። ተራ በመሐል አልቆርጥም። ቆርጬም አላውቅ።»

«ቁረጡብኝ!» አሉ እትዬ ስሜነሽ። «ክር ነው የምታጎድሉብኝ። ነገ ግድግዳው ከሚናድብኝ ዛሬ ክሬን ውሰዱ።»

አያ አዝመራው ወደ ቦዩ ራስ ሄዱ። ሄደው ከወንዙ የሚመጣውን አፍ በድንጋይና በሣር ደፈኑት፤ ውሃው ወደ ወንዙ ተመለሰ። እኛ ምንጩ ዘንድ ተቀመጥን። ቦዩ ቀስ በቀስ ጎደለ፤ ጭቃው ታየ፤ የሸርጣኖቹ ጉድጓዶች እንደ ተከፈቱ ዓይኖች በግድግዳው ላይ ተደርድረው ወጡ። ሸርጣኖቹ ራሳቸው ምን ነካን ብለው በየደጃቸው ብቅ ብቅ አሉ። ምንጩ ቀጠነ። ከዚያ ተንጠባጠበ። አያ አዝመራው ሲመለሱ የመጨረሻዋ ጠብታ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ነበር፤ ወደቀች፤ ሌላ አልተከተላትም።

አያ አዝመራው ቀረብ አሉ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን እርጥብ አፈር ውስጥ ሰደዱ፤ ልጅን ትኩሳት አለው ወይ ብሎ እንደሚዳስስ አባት።

«የራሳችን ውሃ ኖሯል» አሉ። «የራሴን ውሃ ነው ለራሴ ስጦታ ያደረግሁት።»

«አያ፣ አሁን ዋናው የነገው ነው» አለች እየሩስ ለስለስ ብላ። «ሰዉ ዶማ ይዞ ይመጣል።»

«አውቃለሁ። ጠራኋቸው፤ የምመልሳቸውም እኔ ነኝ።» ቀና ብለው አዩን። «ነገር ግን አንድም ሰው ዛሬ እንዳይናገር። እናንተ ብትናገሩ ሰዉ እናንተን አምኖ በእኔ ይስቃል። እኔ ብናገር ግን ምናልባት ይሰማል።»

በነጋታው ጠዋት መንደሩ ሁሉ ወጣ። በዓል አልነበረም፤ ፊቱ ግን የበዓል ፊት ነበር። ዶማው በየትከሻው ያብረቀርቃል። ቄስ ገብረ ሊባኖስ መስቀላቸውን ይዘው፣ በጥላ ሥር መጡ። በቦዩ ራስጌ የሚያርሰው ከፋለ፣ ያ የውሃ አባትነቱን ይፈልገዋል የሚባለው ጎልማሳ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ግንባር ቀደም ቆሟል።

«በሉ እንግዲህ አያ፣ ከየት እንጀምር?» አለ።

አያ አዝመራው ግድግዳው ላይ ወጡ።  አንድ ቃል ቢስቱ፣ ወይም አንድ ቃል ቢውጡ፣ ያ ሁሉ ዶማ በግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል።

«ምንጭ ብዬ የጠራኋችሁ ምንጭ አይደለም» አሉ። «ትናንት ቦዩን ብዘጋው ደረቀ። ሸርጣን የበሳው ቀዳዳ ነው። ሸርጣኑን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በእጄ፣ በቅሌ፣ ትልልቁን መርጬ። ዛሬ እዚህ የቆፈረ ሰው ቦዩን ይንዳል።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ከፋለ ሳቀ። «አያ፣ እንግዲህ ይኼን ሁሉ ዶማ አሸክመው ወደ ቤታችን ሊመልሱን ነው?»

«ማን ተመለስ አለህ?» አሉ አያ አዝመራው በኃይል። «ዶማህን ወደ ላይ አዙር! ሥራው አለ፤ ቦታው ነው የተቀየረው። የውሃ አባትነቱን ከፈለግኸው ደግሞ እዚያ ጭቃ ውስጥ ፈልገው!»

አሁን ሳቁ ወደ ከፋለ ዞረ። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ፈገግ ብለው፣ «እግዚአብሔር ውሃውን ከራስጌ ሰጥቶን ሳለ እኛ ከሥር ሁለተኛ ልንቀበለው ነበር» አሉ። «ልጆቼ፣ ይህ ሰው ዛሬ የተናገረው ምንጭ ከማውጣት ይከብዳል። ስሙት። ልጅቱንም ስሟት።»

እየሩስ ጭቃ ለብሳ ከሽማግሌው አጠገብ ቆመች። ቦዩ ተዘግቶ ሳለ ጉድጓዶቹ ሁሉ ተገልጠው እንዲታዩ፣ ሸርጣኖቹ እንዲወጡ፣ ጉድጓዱም በሸክላ አፈርና በጠጠር ተጠቅጥቆ እንዲደፈን ነገረቻቸው። ከወንዙ በሚገባው አፍ ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ያስፈልጋል። ቡናማው ትንሹ ግን ወደ ወንዙ ይመለስ።

«ከጉድጓድ በምን እናውጣቸው?» አለ አንዱ። «ጣቴን እፈልገዋለሁ።»

«በቅርጫት፣ የሚሸት ነገር አስገብተን» አለች እየሩስ። «ሥጋ ይወዳሉ፤ ግን ጾም ነው…»

«አተላስ?» አሉ እትዬ ስሜነሽ። «የኔን አተላ የጠላ ፍጥረት የለም።»

እውነታቸውን ነበር። ውሃ ባቆረው የቦዩ ጎድጓዳ ውስጥ አተላ የያዙ ቅርጫቶች ሲቀመጡ፣ ሸርጣኖቹ መቆንጠጫቸውን አንሥተው፣ እየተጋፉ፣ እንደ ሠርግ ቤት እድምተኛ ገቡ! ልጅ አዋቂው ይጮኻል፤ ቅርጫት በወጣ ቁጥር እልልታ ይቀልጣል። «እዩት፣ ይኼኛው ሰክሯል!» «ስሜነሽ፣ ዱቤ እንዳትሰጫቸው!» በዕድሜዬ ሙሉ ከሰው ርቄ መቆም የምወድ እኔ፣ ሳላውቀው ጭቃው መሐል ገብቼ፣ ጣቴን ተነክሼ፣ እየሳቅሁ ነበር።

የተያዘው ክምር ሲቆለል ከፋለ ቆም ብሎ አሰበ። «ይኼ ሁሉ ምን ይሆናል? እኛ እንደሆን አንበላውም፤ በኦሪት የተከለከለ ነው።»

«አፍልታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ ለዶሮ ስጡት» አለች እየሩስ። «የእንቁላሉን ቅርፊት ያጠነክራል።»

ከፋለ ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ ሸርጣን በልታ ያደገች ዶሮ ለፋሲካ ትታረዳለች?»

ቄስ ገብረ ሊባኖስ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ዶሮህ ትል ስትለቅም ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ዛሬም አትጠይቀኝ።»

ቀኑ ሊያልቅ ሲል አያ አዝመራው ሕዝቡን ሰብስበው ደንብ አወጡ። ከእንግዲህ ከወንዝ ወደ ቦይ፣ ወይም ወደ ሌላ ምንጭ ሸርጣን ይዞ የሚወጣ እንዳይኖር፤ ውሃ የደረሰው ሰው ሁሉ በተራው ቀን ቅርጫቱን አይቶ፣ በራሱ ድርሻ ያለውን ግድግዳ ዳስሶ እንዲያልፍ፤ በተለይ ክረምት ሳይገባ ልጅ ያዘሉትን ሴት ሸርጣኖች ሳይምር እንዲለቅም። «በአንድ ቀን ተይዞ የሚያልቅ አይደለም ትላለች ልጅቱ» አሉ። «አልዋሸችንም። ከወንዙ ሙሉ በሙሉ አናጠፋውም ይሆናል፤ ከቦያችን ግን እናስወጣዋለን። አረም በአንድ አረማ አልቆልን ያውቃል?»

«አያውቅም!» አለ ሕዝቡ።

ጥቅሙን ለመዘርዘር ወረቀት አያስፈልግም ነበር፤ በየቀኑ ይታይ ጀመር። ቦዩ የተለቀቀለትን ውሃ ሳያፈስ ያደርሳል። ግድግዳው እግሩ ደርቆ ጠነከረ። ከድንጋይ ሥር የጠፉት ቡናማዎቹ በእየሩስ ባልዲ ውስጥ ከቀን ወደ ቀን በረከቱ፤ ስለዚህም የወንዙ ዳር እንደ በፊቱ በበሰበሰ ቅጠል መሽተቱን ቀነሰ። ውሃ አነሰ ብለው የሚጣሉት ጎረቤታሞች የሚጣሉበት አጡ። ከሁሉም በላይ ግን ሰው አንድ ነገር ለመደ፤ ይህ ነገር እንዲህ ነው ከማለቱ በፊት፣ እስቲ እንሞክረው ማለትን። እኔ ስማር ብዙ ነገር በቃሌ ይዤ ነበር፤ ይህችን አንዲት ቃል ግን ያየኋት ቦዩ ዳር ነው።

የእትዬ ስሜነሽ ተራ እንደገና የደረሰ ዕለት፣ አያ አዝመራው የቦዩን አፍ ከፍተው ከውሃው ፊት ፊት እየሄዱ ወረዱ። እኔና እየሩስ ተከተልናቸው። ውሃው ገለባ እየገፋ፣ አፈሩን እያጠቆረ፣ በተደፈነው ግድግዳ አጠገብ አለፈ። አንድ ጠብታ ወደ ታች አልወረደም። የራስጌውን አለፈ፤ የመሐሉን አለፈ። ግርጌ ሲደርስ ክር አልነበረም፤ የክንድ ውፍረት ነበረው። እትዬ ስሜነሽ በአካፋቸው ከመደብ ወደ መደብ እየቀየሩ አጠጡ፤ ሽንኩርቱ እየጠጣ፣ መደቡ እየሞላ፣ ውሃው ገና ይመጣል።

በመጨረሻ አካፋቸውን ተክለው ወገባቸውን ያዙ።

«አያ አዝመራው!»

«ምን ጎደለሽ ደግሞ?» አሉ ሽማግሌው ደንገጥ ብለው።

«ዝጉልኝ። ይበቃኛል!»

አያ አዝመራው አልተንቀሳቀሱም። አባታቸውም አያታቸውም በውሃ አባትነት ኖረዋል፤ ግን ከግርጌ ሰው አፍ ይህች ቃል ወጥታ አያውቅም። ከሽንኩርቱ መደብ ዳር ተቀመጡና እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።